ጉዳት በጉዳት አይወገድም፦ ዘይት፣ ውኃ እና የቆቃ አማና



«ኢትዮጵያ ባሕር የላት፤ ባሕር ላይ ስለሚፈስ ዘይት እኛ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛው፣ አገራችን የምትጠቀምበት ነዳጅ አብዛኛው በመርከብ ጂቡቲ ይደርሳል፤ ከዚያ በቦቴ ተጭኖ በአዋሽና በመተሐራ በኩል ወደ አዳማና ሞጆ ይመጣል። ባሕሩ ሩቅ ቢሆንም ዘይቱ ደጃችን ነው። ሁለተኛው መልስ ይብሳል፦ አዋሽ ባሕር አይደርስም። ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና በአፋር በረሃ፣ በጂቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ያልቃል። ውቅያኖስ ላይ የፈሰሰ ዘይት ቢያንስ የሚበተንበት ስፋት አለው። አዋሽ ውስጥ የገባ ግን ከአገር መውጫ የለውም፤ ወይ ቆቃ ላይ ይተኛል፣ ወይ በመስኖ ማሳ ላይ ይወጣል፣ ወይ ታች ያለው አርብቶ አደር ግመሉንና ልጁን ያጠጣበታል።

ስለዚህ ባሕር ያላቸው አገሮች ዘይትን ከውኃ ለማጽዳት የሞከሩትን፣ የተሳካላቸውንም ያልተሳካላቸውንም፣ ከማንም በላይ እኛ ልናውቀው ይገባል። ከዚያ ሁሉ ታሪክ የማወጣው ሐሳብ አንድ ነው፦ ዘይት ከዓይን ስለጠፋ ውኃው ጸዳ ማለት አይደለም። ማጽዳት ማለት ሰብስቦ ማውጣት ነው። ዑለማዎቻችን ጉዳት ይወገዳል የሚለውን ትልቅ ቃዒዳ ካስቀመጡ በኋላ አንድ ማሰሪያ አክለውበታል፤ ጉዳት በአምሳያው ጉዳት አይወገድም። በዘይት ጽዳት ታሪክ ውስጥ ትልልቆቹ ስሕተቶች የተፈጸሙት ይህ ማሰሪያ ሲረሳ ነው።

ሳሙናው ከዘይቱ ሲብስ

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1967 ቶሪ ካንየን የተባለች ግዙፍ የነዳጅ መርከብ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ከቋጥኝ ጋር ተጋጨች። ከ100 ሺህ ቶን በላይ ድፍድፍ ነዳጅ ጭና ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ዘይቱን ለመበተን በባሕሩና በዳርቻው ላይ ወደ 10 ሺህ ቶን የሚጠጋ የኢንዱስትሪ ሳሙና አስረጨ። ዘይቱ በእርግጥ ከዓይን ጠፋ። ነገር ግን የዚያ ዘመን ሳሙና ራሱ መርዝ ነበር። በድንጋዩ ላይ ተለጥፈው የሚኖሩትን ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታት ፈጃቸው፤ እነሱ ሲያልቁ ይበሉት የነበረው አልጌ ያለ ከልካይ ዳርቻውን ወረሰው። ሳሙና ያልተረጨባቸው ቦታዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሲያገግሙ፣ በብዛት የተረጨባቸው ግን ከዚያ እጅግ የረዘመ ጊዜ ፈጀባቸው።

ትምህርቱ ግን ቶሎ አልተያዘም። እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ላይ ስታፈስ፣ ዳርቻውን በከፍተኛ ግፊት በሚረጭ ሙቅ ውኃ አጠቡት። ድንጋዩ ነጣ፤ በድንጋዩ ላይና በአሸዋው ውስጥ ከዘይቱ ተርፎ የነበረው ሕይወት ግን ተቀቀለ። እ.ኤ.አ. በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የዲፕዋተር ሆራይዘን ጉድጓድ ለ87 ቀናት ሲፈስ ደግሞ ወደ 7 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ በታኝ ኬሚካል ጥቅም ላይ ዋለ። የዘመኑ በታኞች ከ1967ቱ ሳሙና ይሻላሉ፤ የባሕር ወፎችንና ዳርቻን ለማዳን ሲባል ጥልቅ ባሕር ላይ የሚመረጡበት ጊዜም አለ። ቢሆንም ዘይቱን አያጠፉትም፤ ከውኃው ላይ አንሥተው ወደ ውኃው ውስጥ ያስገቡታል። በጥልቅና በሰፊ ባሕር ይህ የሚያከራክር ምርጫ ነው። እንደ ቆቃ ባለ ጥልቀት በሌለውና ሰው በሚጠጣው ውኃ ላይ ግን ክርክር የለውም፤ አይሆንም።

ይህን የምለው ሳሙና ረጭተን ዘይት «የምናጠፋው» እኛም ስለሆንን ነው። ላቫጆ ቤት የፈሰሰ ዘይት ላይ ኦሞ ነስንሶ በጎማ ውኃ እየገፉ ወደ ቦይ መስደድ የቶሪ ካንየን ዘዴ ነው፤ መጠኑ ብቻ አነሰ። ወለሉ ጸዳ። ዘይቱ ግን በሳሙናው ደቅቆ፣ ለመሰብሰብ በማይቻል ሁኔታ ከውኃው ጋር ተዋሕዶ ወደ ወንዝ ሄደ።

መጀመሪያ አታስፋፋው

ታዲያ ያነሰ ጉዳት ያለው መንገድ የትኛው ነው? በዓለም ላይ ያለው ልምድ በቅደም ተከተል ያስቀምጠዋል፦ መከላከል፣ ማገድ፣ መሰብሰብ፣ መምጠጥ፣ የቀረውን በተፈጥሮ እንዲበሰብስ መርዳት።

መከላከልን ሩቅ ሳንሄድ ቀይ ባሕር ላይ አይተነዋል። በየመን ሁደይዳ አቅራቢያ ለዓመታት ያለ ጥገና ቆሞ የዛገው ሴፈር የተባለ የነዳጅ ማከማቻ መርከብ 1.14 ሚሊዮን በርሜል ድፍድፍ ይዞ ነበር። ቢሰነጠቅ ኖሮ የየመንን ዓሣ አስጋሪ ብቻ ሳይሆን የቀይ ባሕርን የመርከብ መንገድም ይጎዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 በተባበሩት መንግሥታት አስተባባሪነት ዘይቱ ወደ ሌላ መርከብ ተገለበጠ። በጦርነት ውስጥ ያሉ ወገኖች እንኳ የተስማሙበት ሥራ ነው። ካልፈሰሰ ዘይት የበለጠ ንጹሕ ጽዳት የለም።

ከፈሰሰ ግን የመጀመሪያው ሥራ ማገድ ነው። በዚህ ላይ ሁላችንም የምናውቀው አንድ ሐዲስ ትዝ ይለኛል፤ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት፣ መስጂድ ውስጥ ስለሸናው የገጠር ሰው። ሶሓቦች ሊያስቆሙት ሲነሡ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እስኪጨርስ እንዲተዉት አዘዙ፤ ከዚያም በቦታው ላይ ባልዲ ውኃ አስፈሰሱበት። ዑለማዎች ከጠቀሷቸው ጥበቦች አንዱ፣ ሰውዬው ቢደናገጥና ቢነሣ ነጃሳው በልብሱና በሌላው የመስጂዱ ክፍል ይሰራጭ እንደነበር ነው። መጀመሪያ ጉዳቱን በቦታው መገደብ፣ ከዚያ ማጽዳት፤ ሰውየውንም አለማዋረድ። ባሕር ላይ ይህን የሚያደርገው ተንሳፋፊ አጥር ነው። ዘይት ከውኃ ስለሚቀል ላይ ይንሳፈፋል፤ አጥሩ ይከበዋል፣ መግፈፊያ መሣሪያ ከላይ ይቀፈዋል። ኬሚካል የለም፤ የወጣው ዘይትም ተጣርቶ ሊያገለግል ይችላል።

መሣሪያ የሌለው ሕዝብስ? እ.ኤ.አ. በ2020 ዋካሺዮ የተባለች መርከብ ሞሪሺየስ አጠገብ ከኮራል ቋጥኝ ጋር ተጋጭታ 1 ሺህ ቶን ያህል ነዳጅ ስታፈስ፣ የደሴቲቱ ሰዎች የመንግሥትን መሣሪያ አልጠበቁም። የሸንኮራ አገዳ ገለባ በጨርቅ ከረጢት ጠቅጥቀው፣ ባዶ ፕላስቲክ ጠርሙስ እንዳይሰምጥ አስረውበት፣ በሺዎች ሆነው ተንሳፋፊ አጥር ሰፉ። ይህን ሳነብ የታየኝ ወንጂ ነው። ከእኛ በቅርብ ርቀት እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ሸንኮራ የሚጨመቅበት አገር አለ፤ ጭማቂው የወጣለት ገለባም ዘይት የሚመጥ ነገር ነው።

መምጠጫው እጃችን ላይ ነው

ዘይት ለመምጠጥ የሚሆን ነገር ሁለት ጠባይ ይፈለግበታል፤ ዘይት መውደድና ውኃ መጥላት። ጥሬ ጥጥ ሁለቱም አለው፤ ጭረቱ ላይ ተፈጥሯዊ ሰም አለና ውኃን ይገፋል፣ ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ዘይት ግን ይይዛል። የፋርማሲ ጥጥ ይህ የለውም፤ ሲነጣ ሰሙ ታጥቦ ስለወጣ ውኃውንም አብሮ ይጠጣል። ጥጥ ደግሞ በመካከለኛው አዋሽ፣ በመልካ ወረር በኩል የሚበቅል ሰብል ነው።

እንቦጭም አለ። ብዙ ሰው እንቦጭን ከጣና ጋር ያያይዘዋል እንጂ በአገራችን መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃ ሐይቅና አዋሽ ላይ ነው። ደርቆ የተፈጨ እንቦጭ ዘይት እንደሚመጥ በላቦራቶሪ ተሞክሯል። ሰጋቱራና የሰብል ገለባም ይሠራሉ። እንከናቸውን መደበቅ ግን አይገባም። ያልታከመ ገለባ ከዘይቱ ጋር ውኃም ይጠጣና ሊሰምጥ ይችላል፤ ከሰመጠ ደግሞ ዘይቱን ከሐይቁ ወለል ወደ ሐይቁ ሆድ አወረድነው ማለት ነው። ስለዚህ በደንብ መድረቅ፣ በከረጢት መታሰር፣ ሳይውል ሳያድር መውጣት አለበት። ዘይት የጠጣው ገለባም የትም አይጣልም፤ ካልሆነ ቆሻሻውን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ አዛወርነው እንጂ አላስወገድነውም።

የመጨረሻው መንገድ ባክቴሪያ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በአፈርና በውኃ ውስጥ ከፈጠራቸው ጥቃቅን ነፍሳት መካከል ዘይትን ቀለባቸው ያደረጉ አሉ። ዘይቱ ካርቦን ይሰጣቸዋል፤ እንዲራቡ ግን ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ኦክስጅን ይፈልጋሉ። አላስካ ላይ ከሙቅ ውኃው ይልቅ በጎ ውጤት ያሳየው ዳርቻው ላይ ማዳበሪያ ረጭቶ እነዚህን ነፍሳት መቀለብ ነበር። «አካባቢን የማይጎዳ ጽዳት» ሲባል መጀመሪያ የሚጠቀሰውም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ግን በተለይ የሳይንስና የኢንጂነሪንግ ተማሪ ወንድሞችና እህቶች ቆም እንድትሉ እጠይቃለሁ። የአላስካን መፍትሔ ቆቃ ላይ እንዳለ ብንገለብጠው ጥፋት ነው። የቆቃ ሕመም ራሱ የማዳበሪያ ብዛት ነውና። ከማሳ በጎርፍ የሚመጣው ማዳበሪያ፣ በአቃቂ ወንዝ የሚወርደው የአዲስ አበባ ፍሳሽ፣ በሞጆ ወንዝ የሚገባው የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ ሐይቁን መግቦ መግቦ አረንጓዴ አድርጎታል። ማይክሮሲስቲስ የተባለው ሰማያዊ አረንጓዴ ባክቴሪያ በዚህ ላይ ይፈላል፤ የሚያመነጨው መርዝም ጉበትን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 አልጀዚራ ለዓለም ያሳየው አረንጓዴ ውኃ ይህ ነው። በዚያ ላይ ተጨማሪ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ መርጨት፣ ዘይቱን ለማጽዳት ሲባል መርዙንና እንቦጩን መቀለብ ነው። ጉዳት በአምሳያው ጉዳት።

ታዲያ ባክቴሪያው አይጠቅመንም ማለት ነው? ይጠቅመናል፤ በየብስ ላይ። ዘይት የጠጣውን አፈርና ገለባ ከወንዝ በራቀ፣ ወለሉ ውኃ በማያሳልፍ ቦታ ላይ አስጥቶ፣ ፍግ ቀላቅሎ፣ እርጥበቱን ጠብቆ፣ አየር እንዲያገኝ በየጊዜው ማገላበጥ ይቻላል። ወራት ይፈጃል፤ ግን በእርግጥ የሚያጠፋ መንገድ ነው። ከባድ ብረት የተቀላቀለበትን ዘይት ግን ባክቴሪያ ሙሉ በሙሉ አይፈታውም፤ ዘይቱ ቢበላ ብረቱ ይቀራል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትን በመጀመሪያውኑ ወደ መሬት አለመድፋት የሚሻለው ለዚህ ነው።

የእኛ «መርከብ» ጋራዡ ነው

ቆቃ ላይ የነዳጅ መርከብ አይሄድም። የእኛ መፍሰስ በአንድ ቀን የሚታይ አደጋ አይደለም፤ በየቀኑ በሊትር የሚደፋ ነው። የባጃጅ፣ የሚኒባስና የጭነት መኪና ዘይት ይቀየራል፤ አሮጌው አንዳንዴ በጀሪካን ተጠራቅሞ ለምስጥ መከላከያ እንጨት ይቀባበታል፣ አንዳንዴ ይሸጣል፣ አንዳንዴ ቦይ ውስጥ ይደፋል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከአንድ ዘይት ቅያሪ የሚወጣው ዘይት እስከ 1 ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውኃ ሊበክል እንደሚችል ያስጠነቅቃል። የአዳማ የቧንቧ ውኃ ዋና ምንጭ ደግሞ ከቆቃ ግድብ በታች የሚቀዳው የአዋሽ ውኃ ነው። ለፈጅር ውዱእ የምናደርግበት ውኃ በዚህ ወንዝ በኩል ነው የሚመጣው።

«ዘይት እኮ ነጃሳ አይደለም» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ልብስ ላይ ቢነካ ሶላት አያበላሽም። ጠሃራ ግን አንድ ጥያቄ ነው፣ ጉዳት ሌላ ጥያቄ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቆመ ውኃ ውስጥ መሽናትን ከልክለዋል፤ ሰዎች ውኃ በሚቀዱበት፣ በሚሄዱበት መንገድና በሚጠለሉበት ጥላ ሥር መጸዳዳትንም እርግማን ከሚያመጡ ነገሮች ቆጥረዋል። ጉዳዩ የነጃሳ ብቻ ቢሆን ኖሮ መንገድና ጥላ ለምን ተነሡ? የሕዝብ መጠቀሚያን ማበላሸት ራሱ ነው የተከለከለው። የሱረቱ ሩም 41ኛው አንቀጽም በየብስና በባሕር የተገለጠው ብልሽት የሰው እጅ ሥራ መሆኑን ይነግረናል። ዝርዝር ሑክሙን ለኡስታዞቻችን እተዋለሁ፤ ነገር ግን ከወንዙ በታች ያለ ሙስሊም ውዱእ የሚያደርግበትን ውኃ እያበላሹ በራስ ውዱእ ላይ ወስዋስ ማብዛት ሚዛኑን የሳተ ነገር ነው።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ከባድ ነው፤ «ትልልቆቹ በካዮች ፋብሪካዎችና የአዲስ አበባ ፍሳሽ ናቸው፤ በላቡ የሚያድር መካኒክ ላይ ምን አስነሣችሁ?» ይህ እውነት አለበት። ቆቃን ጋራዥ ብቻውን አላበላሸውም፤ ጋራዡ ሁሉ ቢጸዳም ሐይቁ ነገ ጥርት አይልም። ትልቁን ለመጠየቅ ግን ሕግ አለን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ እንዲያጸዳ ወይም የጽዳቱን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል፤ ማንም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤቱታ እንዲያቀርብም ይፈቅዳል። የሕግ ተማሪዎቻችን ይህን አንቀጽ ከፈተና ውጭ ሊያውሉት ይችላሉ። መካኒኩን ግን የምንቀርበው ልንከሰው አይደለም፤ ጁሙዓ ላይ ትከሻ ለትከሻ የምንሰግድ ወንድማችን ነው። በዘይቱ መጀመሪያ የሚጎዳው የእሱ እጅና የእሱ ልጅ ነው። መስጂድ ውስጥ የሸናው ሰው እንዴት እንደተያዘ ከላይ አይተናል።

ምን እናድርግ?

ጀማዓችን ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ ሊይዛቸው ይገባል የምላቸው አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ በርሜል። በጋራዥ አካባቢ ባሉ መስጂዶች በኩል ከባለ ጋራዦች ጋር ተነጋግረን፣ የተቃጠለ ዘይት ከውኃና ከቤንዚን ሳይቀላቀል ክዳን ባለው በርሜል እንዲጠራቀም እናግዝ። ያልተቀላቀለ ዘይት ዋጋ አለው፤ በብዙ አገሮች ተጣርቶ ወደ አገልግሎት ይመለሳል ወይም በሲሚንቶ ፋብሪካ እቶን ይነዳል። ወለል ላይ ለሚንጠባጠበው ሰጋቱራ ይነስነስ፤ ተጠርጎም ከእሳት ርቆ በዕቃ ይከማች። ጎማ ውኃና ኦሞ የመጨረሻ ይሁኑ።

ሁለተኛ፣ ማጥለያ ጉድጓድ። የላቫጆ ፍሳሽ ቦይ ከመግባቱ በፊት በሁለት ወይም በሦስት ክፍል የሲሚንቶ ጉድጓድ ቢያልፍ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ቱቦም አፉ ወደ ታች ቢሆን፣ ዘይቱ ላይ ተንሳፎ ይቀራል፤ ከሥር ያለው ውኃ ብቻ ያልፋል። ኤሌክትሪክም ኬሚካልም አይፈልግም። ሳሙና ከበዛበት ግን ዘይቱ ስለሚደቅቅ ማጥለያው አይዘውም፤ የተጠራቀመው ዘይትም በየጊዜው መቀፈፍ አለበት። የሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች አንዱን ነድፈው አንድ ፈቃደኛ ላቫጆ ቤት ቢያሠሩ ሌላው አይቶ ይከተላል።

ሦስተኛ፣ የመመረቂያ ጥናት። የወንጂ ገለባ፣ የመልካ ወረር ጥሬ ጥጥና የቆቃ እንቦጭ ጎን ለጎን ይፈተኑ። የትኛው ምን ያህል ዘይት ይይዛል? የትኛው ቶሎ ይሰምጣል? ስንት ጊዜ ተጨምቆ ይመለሳል? የኬሚስትሪና የማቴሪያል ተማሪዎች ከውጭ የተቀዳ ርዕስ ከመፈለግ ይልቅ ይህን ቢይዙ፣ ዒልሙ ከዲግሪ በኋላም የሚጠቅም ዒልም ይሆናል።

አራተኛ፣ የቦቴ አደጋ። ቦቴ በሚተላለፍበት መንገድ ላይ የምንኖር ሰዎች ልናውቀው የሚገባ ቅደም ተከተል አለ። ከሁሉ በፊት ነፍስ። የፈሰሰ ቤንዚን በጀሪካን ለመቅዳት መጠጋት ራስን ማጥፋት ነው፤ ትነቱ በአንዲት ብልጭታ ይነዳል። ሰው ይራቅ፣ ሞተርና ስልክ ይጥፋ፣ ለፖሊስና ለእሳት አደጋ ይደወል። ባለሙያ አደጋው ከእሳት ነጻ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ማኅበረሰቡ ሊያግዝ የሚችለው በአፈርና በአሸዋ ከረጢት የቦዩን መንገድ በመዝጋት ነው፤ ቦይ ከገባ ወንዝ ይደርሳል፣ ወንዝ ከደረሰ መመለሻ የለውም። በውኃ አጥቦ ወደ ቦይ መስደድ ፈጽሞ አይገባም።

ቆቃ እ.ኤ.አ. በ1960 የተሠራ፣ የሰው እጅ የወለደው ሐይቅ ነው። መብራት ሰጥቶናል፤ በመንገዱ ዳር የሚጠበሰውን ቆሮሶና አምባዛ አብልቶናል፤ ዛሬም ውኃው ቧንቧችን ድረስ ይመጣል። በእጃችን ያገኘነው አማና ነው፤ ስለ አማናም እንጠየቃለን። የምንጠየቀው ደግሞ ውኃው ለዓይን ንጹሕ ስለመምሰሉ ሳይሆን፣ ከእኛ በታች ላለው ሰው ምን እንዳሳለፍንለት ነው።

አላህ ለሌላው ጥቅም እንጂ ጉዳት የማናስተላልፍ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።